የልጆችን የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል በምድራቸው ፍጥረት ማስጌጥ

ለካቴኪስቶችና ለወላጆች የቀረበ ትምህርት



በየቁምስናውና በየጸሎት ቤቱ ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩበት ክፍል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከመምህሩ ቃል አስቀድሞ የሚናገረው ነገር አለው። ሕፃኑ ገና ከደጃፉ ሲገባ ዓይኑ በግድግዳው ላይ ያርፋል፤ መምህሩ በመስቀል ምልክት አማትቦ ጸሎቱን እስኪጀምር ድረስ ግድግዳው የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጥቶ ጨርሷል። ባዶ ግድግዳም ቢሆን ያስተምራል። የሚያስተምረው ግን «ይህ ቤት የአንተ አይደለም» የሚል እንዳይሆን ያሰጋል።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርብላችሁ ሰው የራሱን ስሕተት በመናገር ቢጀምር ይሻላል። ከብዙ ዓመታት በፊት በመተከል ቆላ በምትገኝ አንዲት የጸሎት ቤት ልጆችን ሳስተምር «እግዚአብሔር የፈጠረው ውብ ዓለም» የሚል ርእስ ለክፍሉ ሰጠሁ። ከውጭ አገር የመጣ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ነበረኝ፤ ሥዕሎቹን ቆርጬ በጭቃው ግድግዳ ላይ በረድፍ ለጠፍሁ። በሥዕሎቹ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን፣ በለምለም መስክ የተሰማሩ ነጫጭ በጎች ይታዩ ነበር። በሥራዬም እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። በእሑዱ ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ወደ ግድግዳው ቀርቦ በረዶውን በጣቱ እየነካ «ይህን ሁሉ ጥጥ ማን ይለቅመዋል?» ሲል ጠየቀኝ። በአካባቢው የጥጥ እርሻ ስላለ፣ ልጁ በምድር ላይ ተነጥፎ ያየው ነጭ ነገር ጥጥ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሳቄ አሳፈረኝ፤ ውብ የሆነው የእግዚአብሔር ፍጥረት እርሱ በማያውቀው ሌላ ቦታ እንዳለ ነበርና ለልጁ የነገርሁት።

ሥዕሎቹም ብዙ አልቆዩም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እርጥበቱ ጠቀለላቸው፤ የቀረውን ምስጥ በላው። እንደገና ለመሥራት ስንነሣ ከደጃችን በሌለ ነገር ላለመጀመር ወሰንን። የሚከተለው ትምህርት ከዚያ ውሳኔ የተገኘ ነው፤ የተጻፈውም በተለይ በጉባና በአጎራባች ወረዳዎች ለሚያስተምሩ ነው። በሌላ ስፍራ ያሉ አንባቢዎች የራሳቸውን ወንዝና የራሳቸውን ዛፍ በምሳሌዎቹ ቦታ ሊተኩ ይችላሉ።

ይህ አካሄድ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። ቅዱስ ዮስጢኖስ ዘያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር እንደ ሕዝቡ ኖረ፤ ቋንቋውን ተማረ፤ የግዕዙንም ሥርዐተ አምልኮ አከበረ። ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒም እ.ኤ.አ. በ1864 ባዘጋጀው ዕቅዱ የአፍሪካ መታደስ በራሳቸው በአፍሪካውያን አማካይነት መፈጸም እንዳለበት አጥብቆ አሳስቧል። በግልገል በለስና በአካባቢው በጉሙዝ ሕዝብ መካከል ያገለገሉት ካህናትና ደናግል የእርሱ ማኅበር ልጆች መሆናቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስለ ፍጥረትም የሆነ እንደሆነ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚን ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚደክሙ ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሰይመውታል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» የተባለውን መልእክታቸውን ሲያወጡ የምድር ጩኸትና የድሆች ጩኸት ተለያይተው የሚደመጡ እንዳልሆኑ አስተምረዋል። ይህ የመጨረሻው ቃል በጉባ ለሚያስተምር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ትልቁ ግድግዳ ለዓባይ

ጉባ የሚለውን ስም ዛሬ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። የታላቁ የኅዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚሁ ወረዳ ተጣለ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር ነው፤ ከኋላው የተኛው ውሃም፣ ንጋት ሐይቅ የሚባለው፣ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። የጉባ ልጅ ይህን ሁሉ ከሬዲዮ ሳይሰማ አስቀድሞ በዓይኑ አይቶታል። ስለዚህ ከክፍሉ ግድግዳዎች ረጅሙ ለወንዙ ይሰጥ።

ሥዕሉን ካቴኪስቱ ብቻውን አይሣል። ልጆቹ በተራ ይሥሩት፤ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ጀምሮ በጣና ሐይቅ በኩል የሀገረ ስብከታችን መንበር ወዳለበት ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ በጢስ ዓባይ ወርዶ በታላቁ ሸለቆ ዞሮ ወደ ጉባ፣ ከጉባም ወደ ሱዳን ሜዳ፣ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ በግብፅ በኩል እስከ ሜድትራንያን ባሕር ይዝለቅ። በዚህ መስመር ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ሊያስተምሩን የሚችሉ ጣቢያዎች አሉ። በመነሻው ላይ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ቁጥር 13 የሚጠቅሰውና አባቶቻችን ከዓባይ ጋር አንድ ነው ብለው ያስተማሩት ግዮን ይጻፍ። በካርቱም ላይ እ.ኤ.አ. በ1881 በዚያች ከተማ ያረፈው ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ ይታሰብ። በግብፅ ደግሞ ሕፃኑ ሙሴ በደንገል ሣጥን ተኝቶ የተንሳፈፈበት ስፍራ ይሣል። ከሁሉ በላይ የጌታችን፣ የእመቤታችንና የቅዱስ ዮሴፍ ስደት ይሣል።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በግዕዝ ሥርዐታችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ዘመነ ጽጌ ነው፤ በእርሱም የቅድስት ቤተ ሰብ ወደ ግብፅ መሰደድ ይታሰባል። በዚያ ወራት የቆላው ሣር ከሰው ቁመት በላይ አድጓል፤ አበባውም በየዱሩ ፈክቷል። ልጆቹ አበባ ሰብስበው በወንዙ ሥዕል ዳር ሲያስቀምጡ «ሕፃኑ ኢየሱስ በግብፅ ሳለ የጠጣው ውሃ ከወዴት የመጣ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ ያገኙታል። በክረምት ግብፅን የሚያጠጣው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ፣ በእነርሱ ደጅ አልፎ የሚሄድ ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ወንጌል በሩቅ አገር የሆነ ወሬ አይመስለውም።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር አስታውሱ። ካቴኪስቶች ወንዙን ሰማያዊ ለማድረግ ይቸኩላሉ፤ ልጆቹ ግን ዓባይ በክረምት ቀይ ቡኒ መሆኑን ያውቃሉ። ተዋቸው፤ በቀይ አፈር ይቅቡት። ያ ቀለም ከደጋው እርሻ ታጥቦ የወረደ አፈር ነው። ለምን እንደታጠበ፣ ዛፍ የሌለበት ተራራ ምን እንደሚሆን፣ ጎረቤት የሆነ የደጋ ገበሬ ምን እንዳጣ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም።

የዕጣኑ ዛፍ ማዕዘን

ከመንበረ ታቦቱ አቅጣጫ ባለው ማዕዘን ለዕጣን ዛፍ ቦታ እንስጠው። በቅዳሴ ጊዜ ከጽንሐው የሚወጣው ጢስ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ምእመናን፣ እንዲያውም አንዳንድ ዲያቆናት፣ አስበውት አያውቁም፤ ከገበያ ይመጣል ብለው ይተዉታል። ዕጣን የሚሰጠው ዛፍ ግን በመተከል ቆላ፣ በጉባም ጭምር፣ በድንጋያማው ኮረብታ ላይ ይበቅላል። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይነሣል። በበጋ ቅጠሉን ሁሉ ያረግፍና የሞተ ይመስላል፤ በዚያው ቅጠል በሌለው ቅርንጫፉ ላይ ግን አበባ ያወጣል። ቅጠሉን እንደገና የሚለብሰው ዝናብ ሲቃረብ ነው። ለልጆች ስለ ትንሣኤ ለመናገር ምሳሌ ፍለጋ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

ዕጣኑ የሚገኝበትም መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ለቃሚዎቹ በበጋው ወራት መንጋፍ በሚባል መሣሪያ ከግንዱ ቅርፊት ጥቂት ይልጣሉ፤ ከቁስሉ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ በአየር ደርቆ ዕጣን ይሆናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሰው የደረቀውን ይለቅማሉ፤ ቁስሉንም ጥቂት ያድሱታል። ዛፉ በልክ ቢቆስልና የዕረፍት ዓመት ቢያገኝ ይኖራል። ያለ ልክ ሲቆስል ግን ይደክማል፤ ዘሩም መብቀያ ያጣል። ችግኙን ደግሞ ከብት ይበላዋል፤ በየዓመቱ በሣሩ የሚለቀቀው እሳት ይጨርሰዋል። ከዚህም የተነሣ በብዙ ስፍራ ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቆመው ልጅ ዛፍ አይታይም። ይህን ለልጆች በግልጽ ንገሯቸው። እኛ በመሠዊያው ፊት የምናጥነው ዕጣን ከአንድ ዛፍ ቁስል የወጣ ነው፤ የዛፉም ዘር እንዳይጠፋ መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ለማዕዘኑ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ራሱ ተልጦ የወደቀ ቅርፊት፣ የደረቀ ቅርንጫፍ በድንጋይ መካከል የቆመ፣ በትንሽ ሸክላ የተቀመጠ የዕጣን ቅንጣት ይበቃል። ከሕያው ዛፍ ምንም አይቆረጥ። በልደት ሰሞን ደግሞ ማቴዎስ በምዕራፍ 2 የሚናገርላቸውን የሰብአ ሰገል ስጦታዎች በዚሁ ማዕዘን አስተምሩ። ወርቅና ዕጣን የዚህ ክልል ምድር የሚሰጣቸው ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ልጆች እናታቸው በወንዝ ዳር አሸዋ አጥባ ወርቅ ስትፈልግ አይተዋል። ከሦስቱ ስጦታዎች ሁለቱ በሰፈራቸው እንደሚገኙ ሲያውቁ የሚያሳዩትን ፊት ማየት ነው።

ሽመል፣ ሐረግና የአፈር ቀለም

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም በሽመል፣ የታወቀ ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ቀፎው፣ ቅርጫቱ ከእርሱ ይሠራል። ለክፍሉም ፍሬም፣ መደርደሪያና መስቀያ የሚሆነን እርሱ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ቧንቧ ሲሆን የቆላው ሽመል ግን ውስጡ የሞላ ወይም ሊሞላ የተቃረበ ነው፤ ስለዚህ ለመሰንጠቅ ያስቸግራል፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ግን ጠንካራ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ግንድ አይቆረጥ፤ ለጋው ቶሎ ነቀዝ ይበላዋል። ከተቆረጠም በኋላ ጥቂት ቀናት በውሃ ተዘፍዝፎ ወይም ከምድጃ በላይ ጢስ ጠጥቶ ቢሰነብት ዕድሜው ይረዝማል። ይህን የሚያውቁት የሰፈሩ አባቶች ናቸውና አንዱን ሽማግሌ ጋብዙ። ልጆቹ በዙሪያቸው ተቀምጠው «አባባ፣ ይህ ለምን ይሆናል?» እያሉ ሲጠይቁ የሚያልፈው ሰዓት የጠፋ ሰዓት አይደለም።

የጉሙዝ እናቶች ጭነታቸውን በትከሻ ላይ በሚጋደም እንጨት፣ በሁለት ጫፍ አንጠልጥለውና አመዛዝነው ይሸከማሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ይህን አይተን ትንሽ የሽመል ዘንግ ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ ሰቀልን፤ በአንድ ጫፉ ትንሽ ቅል፣ በሌላው የጅግራ ላባና የደረቁ የዛፍ ፍሬዎች ተንጠለጠሉበት። ነፋስ ሲገባ ይዞራል፤ አንዱ ወገን ቢከብድ ያዘነብላል። ልጆቹ ሚዛኑን እስኪያገኙ ድረስ ሲያወጡና ሲያገቡ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ስለ እናቶቻቸው ድካም ተነጋገርን፤ እንዲህ ያለ ውይይት አስቤ አልነበረም።

የግድግዳውን ጠርዝ በሐረግ እንክበበው። የጥንት የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው በምዕራፉ ራስ ላይ የሚሣለውን፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈውን ጌጥ ያውቃል፤ ስሙም ሐረግ ነው፤ ከሚሳበው ተክል የተወሰደ። ጸሐፍቶቻችን የእግዚአብሔርን ቃል ሊያከብሩ በፈለጉ ጊዜ የመረጡት ጌጥ የተክል ስም የያዘ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ልጆች በአፈር ቀለም ሐረግ ቢሥሉ የአባቶችን ሥራ መቀጠላቸው ነው።

ቀለሙን መግዛት አያስፈልግም። ቀይና ቢጫ አፈር በጨርቅ ተነፍቶ፣ ነጩ ከኖራ፣ ጥቁሩ ከተፈጨ ከሰል ይሠራል፤ ማጣበቂያውም በውሃ የፈላ ጥቂት ዱቄት ነው። ዱቄቱ ምስጥና ጉንዳን እንዳይጠራ የኒም ቅጠል የተቀቀለበት ውሃ የሚጨምሩ አሉ። አረንጓዴው ብቻ ያስቸግራል። የቅጠል ጭማቂ በሚቀባበት ዕለት ያምራል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ወደ ቡኒ ይለወጣል። አንድ ትንሽ ጣሳ አረንጓዴ ቀለም መግዛት ካልተቻለ ሥዕሉ ያለ አረንጓዴ ይቅር፤ በበጋ የጉባ ምድርም እንደዚያው ነው።

ከግድግዳው ላይ ስለማይለጠፉ ነገሮች

በብዙ የመምህራን መጽሐፍ ውስጥ እህል በሙጫ እየለጠፉ ሥዕል መሥራት ይመከራል፤ ቀላልና ያማረ ነውና። በእኛ ቆላ ግን ይህን ከማድረጋችን በፊት የወሩን ስም እንጠይቅ። ሐምሌና ነሐሴ ማሽላው ገና በማሳ ያለበት፣ ጎተራው ደግሞ ባዶ የሆነበት ጊዜ ነው። በዚያ ወራት ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሙጫ የተጣበቀ ማሽላ ሲያይ ምን ይላል? ስለዚህ የዘሪውን ምሳሌ ለማሳየት የተወቃ ራስ፣ ገለባና አገዳ እንጠቀም፤ እህሉ ለድስቱ ይቅር። አዝመራው ከገባ በኋላ ግን እያንዳንዱ ልጅ አንዲት ፍሬ ማሽላ ይዞ ቢመጣና በሸክላ አፈር ላይ ቢዘራት ተገቢ ነው፤ ስትበቅል ያያታልና።

ሌሎችም ጥንቃቄዎች አሉ። የጉሎ ፍሬና የአስተናግር ዘር ለዓይን ያማሩ ቢሆኑም መርዘኞች ናቸው፤ ወደ ክፍሉ አይግቡ። የወፍ ጎጆ የሚወሰደው ወድቆ የተገኘና ባዶ የሆነ ብቻ ነው። የደረቀ ሣር በተሰቀለበት ቤት ሻማ ወይም ኩራዝ አይበራ፤ መብራት የግድ ካስፈለገ ሣሩ ይውረድ። ቁርቁራ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ በሳይንሳዊ መጠሪያው «የክርስቶስ እሾህ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ስለተሰጠው በሕማማት ሳምንት አንድ ቅርንጫፉን ከመስቀሉ ሥር ማኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን ትንንሾቹ እጅ በማይደርስበት ስፍራ ይሁን።

እሳት የሚሥሉ ልጆች

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሰዎች ተገድለዋል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ እጅግ ብዙ ቤተ ሰቦች ተፈናቅለዋል። ጉሙዙም፣ አማራውም፣ አገውም፣ ሺናሻውም፣ ኦሮሞውም በየፊናው ሙሾ አውርዷል። ዛሬ በክፍላችን ጎን ለጎን የሚቀመጡ ልጆች ወላጆቻቸው ያን ጊዜ አንዱ ከሌላው የሸሹ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ላሉ ልጆች «የምትወዱትን የሰፈራችሁን ነገር ሣሉ» ስንላቸው አንዳንዱ አበባ ይሥላል፤ አንዳንዱ ቤት ይሥልና በቀይ አፈር ይሸፍነዋል።

በዚህ ጊዜ ካቴኪስቱ ምን ያድርግ? ሥዕሉን ደብቆ «አይ፣ ደስ የሚል ነገር ሣል» አይበለው። ውብ ግድግዳ ለማግኘት ብለን የልጁን እውነት ከቤተ ክርስቲያን ማስወጣት አይገባንም። በሁሉም ፊት አስቀምጦ እንዲያስረዳም አያስገድደው። አጠገቡ ይቀመጥ፤ ልጁ ሊናገር ቢፈልግ ያድምጠው፤ ዝም ቢልም አብሮት ዝም ይበል። ሥዕሉን የት ማኖር እንደሚፈልግ ልጁ ራሱ ይምረጥ። ከመስቀሉ ሥር ያኖሩት ነበሩ፤ ወደ ቤታቸው የወሰዱትም አሉ። አንዲት ልጅ ግን ሥዕሏን ከዓባይ ግድግዳ በታችኛው ጠርዝ ለጥፋ «ውሃው ይድረስበት» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ልጁ ሌሊት የሚባንን፣ የማይበላ፣ የማይናገር ቢሆን ነገሩ ከክፍሉ አቅም በላይ ነውና ለቆሞሱ፣ ለወላጆቹና ለጤና ባለሙያ ይነገር።

የወንዙም ግድግዳ የራሱ ቁስል አለው። ሐይቁ ሲሞላ ቀያቸውን ለቅቀው ወደ ሌላ ስፍራ የሄዱ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ውሃው መያዝ ከጀመረበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ልጅ የአያቱን መንደር አላየም። ግድቡ ለአገር ሁሉ መብራት የሚሰጥ ታላቅ ሥራ መሆኑን ስናስተምር፣ ለዚያ ብርሃን ቀያቸውን የሰጡትን ማስታወስ ደግሞ ተገቢ ነው። አያቶችን ጥሩና ከሐይቁ በታች የቀረው ጅረት፣ ዛፍ፣ የመቃብር ስፍራ የት እንደነበረ ያሳዩአችሁ፤ ልጆቹም በሥዕሉ ላይ ትንንሽ ነጭ ነጥብ ያድርጉበት። የየስፍራውን ስም በጉሙዝኛ ጻፉት፤ የዛፉንና የወፉንም ስም እንዲሁ። የአማርኛ ስሙ ከጎኑ ይሁን። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ የጎረቤቱን ቃል ለመጥራት ሲሞክር፣ ጎረቤቱም ሲያርመው፣ ሁለቱ አብረው ይስቃሉ፤ ስብከታችን ያላደረገውን ያ ሳቅ ያደርገዋል። የምድር ጩኸትና የድሆች ጩኸት አብረው ይሰማሉ የተባለው ትምህርት በጉባ የሚገባን በዚህ ሁኔታ ነው።

በየወቅቱ መለወጥ

አንድ ጊዜ አጊጦ ለሦስት ዓመት የተተወ ክፍል ከባዶ ክፍል አይሻልም፤ አቧራው ይበዛል፤ የልጆቹም ዓይን ይለምደዋል። የዓባይ ግድግዳ ይቆይ፤ ሌላው ግን ከቤተ ክርስቲያን ዘመናት ጋር ይለወጥ። በዘመነ ጽጌ አበባና ረጅም ሣር፣ በልደት ሰሞን የዕጣኑ ማዕዘን፣ በዐቢይ ጾም ባዶ ድንጋይ፣ አመድና ደረቅ ቅርንጫፍ፣ በሆሣዕና ከወንዝ ዳር የመጣ ዘንባባ፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላ አዲስ ቅጠል ይሁን። በዐቢይ ጾም ግድግዳው ባዶ ሲሆን ወላጆች «ምነው ጌጡ ተነሣ?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱን ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱላቸው።

የሚነሣው ጌጥ አይጣል። ሣሩ፣ አገዳውና የደረቀው አበባ በግቢው ጥግ ተከማችቶ ይበስብስ፤ ፍግ ይሆናል። ሽመሉ ለሚመጣው ዓመት ጢስ ባለበት ቤት ይሰቀል። ከባለቤቱና ከቀበሌው ፈቃድ ተገኝቶም፣ ከአንድ ጠንካራ የዕጣን ዛፍ በባለሙያ የተቆረጠ ወፍራም ቅርንጫፍ ቢገኝ፣ ገና ቅጠል ሳያወጣና ዝናብ ከመጣሉ አስቀድሞ በጸሎት ቤቱ ግቢ በድንጋያማው ወገን ይተከል፤ ይህ ዛፍ ከቅርንጫፍም ይበቅላልና። ልጆቹ ዙሪያውን በቁርቁራ እሾህ ከፍየል ይጠሩት፤ እሳት እንዳይደርስበትም ሣሩን ሦስት እርምጃ ያህል ይመንጥሩለት፤ በየእሑዱም ከትምህርት በፊት ሁለት ልጆች ሄደው ቡቃያ አውጥቶ እንደሆነ አይተው ለክፍሉ ይንገሩ።